የዓመቱን ንባብ አስቀድሞ ስለ ማቀድ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በንባብ ክበብ አባሎች ስም የተደረገ ንግግር)

የትምህርት ቤታችንን የምሥረታ በዓል ለማክበር በተሰበሰበው በዚህ ጉባኤ ፊት ቆመን ጥቂት ቃል እንድንናገር ስለ ተፈቀደልን ከልብ እናመሰግናለን። እንዲህ ባለው ቀን ያለፈውን ዘመን ማስታወስና የደከሙትን ማመስገን የተለመደ ነው፤ የሚገባም ነው። እኛ ግን በዛሬው ንግግራችን ስለሚመጣው ዓመት ልንናገር መርጠናል። ይኸውም ከመስከረም እስከ ጳጉሜን ባለው ጊዜ ውስጥ ከመማሪያ መጻሕፍታችን ሌላ ምን ምን እናነባለን? መቼ እናነባለን? በምንስ ሥርዓት እናነባለን? የሚል ነው።

ንባብ መልካም ነገር መሆኑን ለማስረዳት ጊዜያችሁን አንወስድም፤ ይህን የማያውቅ ከመካከላችን የለምና። ችግሩ ሌላ ነው። አብዛኞቻችን የምናነበው የተገኘውን ነው። ጓደኛ የሰጠንን፣ በእጃችን የወደቀውን፣ ወይም በስልክ ላይ የመጣልንን እናነባለን። እንዲህ ያለው ንባብ ጨርሶ ካለማንበብ ይሻላል፤ ነገር ግን ዓመቱ ሲያልቅ «ምን ያህል አነበብህ? ከየትኛውስ ዓይነት?» ተብሎ ቢጠየቅ መልስ የሚሰጥ ተማሪ ጥቂት ነው።

አባቶቻችን ገበሬዎች ግን እንዲህ አይሠሩም። በደራና በፎገራ ያለው ገበሬ በየትኛው ማሳ ጤፍ፣ በየትኛው ዳጉሳ፣ ውኃ በሚተኛበትም ሜዳ ሩዝ እንደሚዘራ ዝናሙ ሳይጥል ያውቃል። ሩዙ ከታጨደ በኋላ በቀረው እርጥበት ጓያ ይዘራበታል። በመስኖም ሽንኩርት ያለማል። ደግሞም መሬቱ እንዳይደክም እህሉን ያፈራርቃል። በአንድ ማሳ ላይ በየዓመቱ አንድ ዓይነት እህል ብቻ ቢዘራ ምርቱ እያነሰ እንደሚሄድ ከአያቶቹ ተምሯል። እንግዲህ የሰው አእምሮ ከማሳ የሚለይበት ምክንያት ምንድን ነው? ሁልጊዜ የፍቅር ታሪክ ብቻ፣ ወይም ሁልጊዜ የፖለቲካ ወሬ ብቻ፣ ወይም ሁልጊዜ የፈተና ጥያቄ ብቻ የሚመገብ አእምሮ እንዲሁ ይደክማል። ስለዚህ የምንፈልገው ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው ዕቅድ ሲሆን ሁለተኛው ማፈራረቅ ነው።

ምናልባት ይህ የዕቅድ ነገር ከውጭ አገር የመጣ አዲስ ሐሳብ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። እንዲህ አይደለም። ንባብን በቀንና በወር ከፋፍሎ በሥርዓት ማንበብ በአገራችን እጅግ የቆየ ልማድ ነው። መዝሙረ ዳዊት ለሰባቱ ቀኖች ተከፋፍሎ ይደገማል። ውዳሴ ማርያምም የሰኞ፣ የማክሰኞ እየተባለ እስከ እሑድ ተደልድሏል። ስንክሳር ከመስከረም 1 ቀን ጀምሮ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ድረስ ለእያንዳንዱ ዕለት የሚነበብ ታሪክ አለው። ግጻዌ የሚባለው መጽሐፍ ደግሞ በቅዳሴ ጊዜ የትኛው ምንባብ በየትኛው ቀን እንደሚነበብ የሚያመለክት ነው። ይህ እንግዲህ የተሟላ የአንድ ዓመት የንባብ ዕቅድ ካልሆነ ምን ይባላል? በእስልምናም ዘንድ ቁርኣን በ30 ጁዝ ተከፍሎ በረመዳን ወር በየቀኑ አንዱን በማንበብ የሚፈጸም መሆኑን ሙስሊም ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ያውቃሉ። እንግዲህ ከሁለቱም ወገን አባቶቻችን የተማርነው ትልቅ መጽሐፍ የሚፈጸመው በአንድ ቀን ትጋት ሳይሆን በየቀኑ በሚነበብ ጥቂት ምንባብ መሆኑን ነው።

ማፈራረቅም ቢሆን ለአገራችን ሊቃውንት እንግዳ አልነበረም። የቀድሞው ተማሪ ከፊደልና ከአቡጊዳ ተነሥቶ ዳዊት ከደገመ በኋላ ወደ ዜማ ቤት፣ ከዚያም ወደ ቅኔ ቤት፣ ከዚያም ወደ መጻሕፍት ቤት ይሄድ ነበር። በየቤቱ መምህሩም፣ ትምህርቱም፣ የአእምሮው ሥራም የተለያየ ነው። ዜማ ጆሮንና ትውስታን፣ ቅኔ ምሥጢር መፍጠርን፣ መጻሕፍት ቤት ትርጓሜን ያስተምራሉ። ለዚህም ትምህርት ስመ ጥር የሆኑት ቦታዎች ከእኛ የራቁ አይደሉም። የድጓ መመስከሪያ የሆነችው ቤተልሔምና የዝማሬና የመዋሥዕት መመስከሪያ የሆነችው ዙር አምባ በዚሁ በደቡብ ጎንደር፣ በጋይንት ምድር የሚገኙ ናቸው። በጨዋታ ዐዋቂነታቸው አገር የሚያውቃቸው አለቃ ገብረ ሐናም የፎገራ ሰው ነበሩ። ሰው ሁሉ ቀልዳቸውን ያወራል፤ ነገር ግን የተክሌ አቋቋም የሚባለውን ሥርዓት ያስገኙ ታላቅ ሊቅ መሆናቸውን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። እንዲያ ያለው ጨዋታ ደግሞ ከብዙ ትምህርት የተቀዳ እንጂ ከባዶ የመጣ አልነበረም።

ስለ ደብረ ታቦርም አንድ ነገር እናስታውሳችሁ። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት መድፍ ማሠራታቸውን ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። መጻሕፍትን መሰብሰባቸው ግን ያን ያህል አይነገርም። ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናትና ከሌላም ስፍራ የተሰበሰቡ ብዙ የብራና መጻሕፍት በመቅደላ ነበሩ። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን በያዘ ጊዜ ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ ተወሰዱ፤ ወደ 350 የሚጠጉትም ዛሬ በለንደን በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። መጽሐፍ እንደ ወርቅ ዘውድ የሚዘረፍ ሀብት መሆኑን ከዚህ እንረዳለን። ሌላው ባሕር ተሻግሮ የወሰደውን ሀብት እኛ በአጠገባችን ያለውን እንኳ ሳንገልጠው ብንቀር የሚያሳዝን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ይህን ነገር ዛሬ የምናነሣው ለበዓሉ ማድመቂያ አይደለም፤ ያስገደደን ምክንያት አለ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያገኙት ከመቶ 3.3 ያህል ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 ያህል ሆኑ። ለዚህ ብዙ ምክንያት አለው፤ ሁሉንም በንባብ ማነስ ላይ መጫን ትክክል አይሆንም። ነገር ግን ረጅም ምንባብ አንብቦ ሐሳቡን መያዝ ያልለመደ ተማሪ ጥያቄውን ራሱን ለመረዳት እንደሚቸገር መምህራኖቻችን ይነግሩናል።

ሁለተኛው ምክንያት ከዚህ የከበደ ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የአገሪቱ ትምህርት ቤቶች ሁሉ ተዘግተው ነበር። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በክልላችን በተነሣው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው እጅግ ብዙ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። የትምህርት ቤት በር ሲዘጋ ተማሪው ምን ይሁን? የንባብ ልማድ ያለው ልጅ ቤቱ ተቀምጦ ከብት እየጠበቀም ቢሆን ይማራል፤ ልማዱ የሌለው ግን ያወቀውንም ይረሳል። እንግዲህ የንባብ ዕቅድ በደኅና ጊዜ ጌጥ ነው፤ በክፉ ጊዜ ግን ስንቅ ነው።

አሁን ዕቅዱን እናሰማችሁ። መጀመሪያ ስሌቱን እንመልከት። አንድ ተማሪ በቀን 10 ገጽ ያንብብ። እሑድንና በዓላትን ትተን በወር 25 ቀን ብቻ ቢያነብ 250 ገጽ ይሆናል። በ12 ወር ደግሞ 3,000 ገጽ ይደርሳል። ይህም እያንዳንዳቸው 250 ገጽ ያላቸው 12 መጻሕፍት ማለት ነው። 10 ገጽ ለማንበብ ከግማሽ ሰዓት ብዙ አያልፍም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚባለው ለዚህ ነው።

ቀጥሎ የአመራረጡን ደንብ እንናገር። ከ12ቱ መጻሕፍት ውስጥ ቢያንስ ሁለቱ ከእኛ መወለድ በፊት የተጻፉ የቆዩ መጻሕፍት ይሁኑ። ሁለቱ የታሪክ፣ አንዱ የሳይንስ ወይም የጤና፣ አንዱ የግጥም፣ አንዱ የቴአትር ይሁኑ። ቢያንስ አንዱ ሴት የጻፈችው ይሁን። አንዱ ከሌላ አገር የመጣ ይሁን። አንዱ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ይሁን። የቀሩትን ተማሪው እንደ ፈቀደ ይምረጥ፤ ሁሉንም በደንብ ያሰርነው እንደ ሆነ ደስታው ይጠፋልና።

ወሮቹንም እንዲህ አድርገን ደልድለናቸዋል።

በመስከረም አጭርና ቀላል በሆነ መጽሐፍ እንጀምራለን። ለዚህ የከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» ይስማማል፤ አጫጭር ስለ ሆነ ለጀማሪ አይከብድም፤ ለታናናሾቻችንም ድምፅ አሰምተን ልናነብላቸው እንችላለን።

በጥቅምት የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስን «ጦቢያ» እናነባለን። ይህ መጽሐፍ በ1900 ዓ.ም. በሮም የታተመ ሲሆን በአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ ነው። ደራሲው የተወለዱት በጣና ዳር በዘጌ ነው። እንግዲህ የአማርኛ ልብ ወለድ መነሻ ከእኛ በሐይቁ ማዶ ካለ ስፍራ በተወለደ ሰው እጅ መጻፉን ማወቅ ለእኛ ለጣና ልጆች ልዩ ደስታ ነው።

ኅዳርና ታኅሣሥ የአጨዳና የውቂያ ወራት ናቸው። ከሰብል ስብሰባ የሚቀር የገበሬ ልጅ የለም፤ መቅረትም የለበትም። ስለዚህ በእነዚህ ወራት ግጥምና አጫጭር ታሪክ እናነባለን። አንድ ግጥም ማለዳ አንብቦ ቀኑን ሙሉ በእርሻ ላይ እያሰላሰሉ መዋል ይቻላል፤ እንዲያውም ግጥም እንዲህ ሲነበብ ይጣፍጣል።

በጥር የበዓልና የሠርግ ጊዜ ስለ ሆነ ቴአትር ለማንበብ ይመቻል። የመንግሥቱ ለማ «ያላቻ ጋብቻ» ስለ ጋብቻ የተጻፈ አስቂኝ ተውኔት ነው። ሰው እየተከፋፈለ ድምፅ አውጥቶ ቢያነበው መልካም ነው።

የካቲት የዓድዋ ወር ስለ ሆነ የታሪክ ወር ይሁን። የተክለ ጻድቅ መኩሪያ መጻሕፍት አሉ። ከዚያም ጋር በ1946 ዓ.ም. የታተመውን የከበደ ሚካኤልን «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» ብናነብ የሌላ አገር ሕዝብ የራሱን ይዞ እንዴት እንደ ሠለጠነ ለማነጻጸር ይረዳናል።

መጋቢት የሳይንስ ወር ነው። ስለ ሰው ገላ፣ ስለ በሽታ፣ ስለ አፈርና ስለ ውኃ የተጻፈ ማንኛውም መጽሐፍ ይሆናል። በጣና ላይ ስለ ተስፋፋው እምቦጭ አረም የሚናገር ጽሑፍ የተገኘ እንደ ሆነ ከሁሉ ይልቅ ይጠቅመናል፤ ለሐይቁ ዳር ሕዝብ የኑሮ ጉዳይ ነውና።

ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ የሞቱት ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ በሚያዝያ የብርሃኑ ዘርይሁንን «የቴዎድሮስ ዕንባ» እናነባለን። በየካቲት ካነበብነው ታሪክ ጋር እያስተያየን የታሪክ ጸሐፊና የልብ ወለድ ደራሲ አንዱን ሰው እንዴት እንደሚመለከቱት መለየት እንማራለን።

በግንቦት የወይዘሮ ስንዱ ገብሩን «የልቤ መጽሐፍ» መርጠናል። ወይዘሮ ስንዱ መምህርትና ደራሲ ሲሆኑ በ1950 ዓ.ም. በሕዝብ ተመርጠው ምክር ቤት የገቡ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ናቸው። ይህን መጽሐፍ እኅቶቻችን ብቻ ሳይሆኑ ወንዶቹም ያንብቡት።

ሰኔ የፈተና ወር ስለ ሆነ ዕቅዱን አናከብደውም። ከፍ ያለ ክፍል ያሉት ግን የእንግሊዝኛቸውን ንባብ በዚህ ወር ጀምረው ፈተናው ካለቀ በኋላ ይፈጽሙት። ናይጄሪያዊው ቺኑዋ አቼቤ በ1958 እ.ኤ.አ. ያሳተመው «ቲንግስ ፎል አፓርት» የተሰኘው ልብ ወለድ ቋንቋው ግልጽ ነው። የገበሬ መንደር፣ የሽማግሌዎች ሸንጎና የልማድ ኑሮ ስላለበት ለእኛ እንግዳ አይሆንም።

ሐምሌና ነሐሴ ክረምት ነው። ዝናሙ ሲወርድ፣ ወንዙ ሲሞላ፣ መንገዱም ሲጨቀይ ትልቁን መጽሐፍ የምናነብበት ጊዜ ይህ ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሀዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ከ500 ገጽ በላይ ነው። በቀን 12 ገጽ ብናነብ በሁለቱ ወራት በ50 ቀን 600 ገጽ ስለምናነብ ያለ ችግር እንፈጽመዋለን።

በጳጉሜን አዲስ መጽሐፍ አንጀምርም። በ5ቱ ወይም በ6ቱ ቀን የዓመቱን ማስታወሻችንን መርምረን የሚመጣውን ዓመት ዕቅድ እናወጣለን።

ማስታወሻ ያልነው ይህ ነው። እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ደብተር ይያዝ። ስለ እያንዳንዱ መጽሐፍ አራት ነገር ይጻፍ፤ የመጽሐፉንና የደራሲውን ስም፣ ያነበበበትን ቀን፣ የተማረውን አንድ ነገር፣ እንዲሁም ከደራሲው ጋር ያልተስማማበትን አንድ ነገር። ይህ የመጨረሻው እንዳይዘለል አደራ እንላለን። ያነበበውን ሁሉ እንደ ወረደ የሚቀበል ሰው አንባቢ ሳይሆን ተሸካሚ ነው። በተለይ በዛሬው ጊዜ በስልክ ላይ የሚነዛው ወሬ እውነቱና ሐሰቱ በተደባለቀበት ዘመን መርምሮ ማንበብ ራስን መጠበቂያ ነው።

አሁን በዚህ ዕቅድ ላይ የሚነሡትን ጥያቄዎች እንመልስ።

አንደኛ፣ «መጻሕፍቱን ከየት እናመጣለን? ዋጋቸውስ እንዴት ይቻላል?» ይባላል። እውነት ነው፤ መጽሐፍ ተወድዷል። በ1936 ዓ.ም. የተመሠረተው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክርም ሆነ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ያሉት በአዲስ አበባ ነው፤ ለሐሙሲት ልጅ ሩቅ ናቸው። ይሁን እንጂ ብልኀት አይጠፋም። በሐዋሳ ከተማ መጻሕፍት በአህያ ጋሪ ላይ ተጭነው ለሕፃናት እንዲዞሩ የተደረገበት ጊዜ ነበር። እኛም ከተማችን ስሟን ያገኘችው ከሐሙስ ገበያ መሆኑን አስበን አንድ ሐሳብ አቅርበናል። በየሐሙሱ ከትምህርት በኋላ በቤተ መጻሕፍታችን በር ላይ የመጽሐፍ ገበያ ይቁም። ገንዘብ የለበትም፤ አንድ መጽሐፍ ያመጣ አንድ ይዞ ይሄዳል። 5 ተማሪዎች አንዳንድ መጽሐፍ ቢኖራቸው በ5 ወር እያንዳንዱ 5 መጽሐፍ ያነባል ማለት ነው። የአንዱም መጽሐፍ ለሁለት ተከፍሎ ሳይቀደድ እንዲመለስ ተቀባዩ በመዝገብ ይፈርማል።

ሁለተኛ፣ «ይህ ከፈተና ያዘናጋል» የሚሉ አሉ። ለፈተና የሚጠናውን ማንም ይተው አላልንም። ያልነው በቀን ግማሽ ሰዓት ነው። ግማሽ ሰዓት በስልክ ላይ እንዴት እንደሚያልፍ ሁላችንም እናውቀዋለን።

ሦስተኛ፣ «ጊዜ የለም» የሚለው ነው። ይህ ግን ለሁሉ እኩል አይደለም፤ በተለይ የሴቶች ልጆች ጉዳይ ነው። ወንድ ልጅ ከትምህርት ሲመለስ አንዳንድ ጊዜ ያርፋል። ሴት ልጅ ግን ውኃ ትቀዳለች፤ እንጨት ትለቅማለች፤ እንጀራ ትጋግራለች፤ ሕፃን ታዝላለች። ስትጨርስ መሽቷል፤ ደክማለችም። ስለዚህ አባቶቻችንና እናቶቻችን ሆይ፣ ዛሬ የምንለምናችሁ ገንዘብ አይደለም፤ ለሴት ልጃችሁ በቀን ግማሽ ሰዓት ስጧት ነው። ያን ግማሽ ሰዓት ወንድሟ ውኃውን ይቅዳላት። በዓመት 12 መጽሐፍ የምታነብ ልጅ ነገ ሐኪም ወይም መምህርት ብትሆን ጥቅሙ ለቤቱ ሁሉ ነው።

ያላነበባችሁ ወላጆቻችንም ከዚህ ዕቅድ ውጭ አይደላችሁም። «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በራዲዮ በተተረከ ጊዜ ፊደል ያልቆጠሩ ሰዎች ሁሉ በጉጉት ያዳምጡት እንደ ነበር ይታወቃል። እኛም ማታ ማታ ቡና ሲፈላ ወይም እራት ሲጠበቅ ጥቂት ገጽ ልናነብላችሁ ዝግጁ ነን። እናንተ ደግሞ መጽሐፍ የማይነግረንን የአገር ታሪክ ንገሩን፤ በደብተራችን እንጽፈዋለን።

የተከበራችሁ መምህራኖቻችን፣ ከእናንተም የምንለምነው ሁለት ነገር ነው። ቤተ መጻሕፍቱ በየሐሙሱ እስከ 11 ሰዓት ክፍት ይሁንልን። ከዚህም ጋር እናንተ ራሳችሁ በወሩ የምታነቡትን መጽሐፍ ስም በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ጻፉልን። መምህሩ ሲያነብ ያየ ተማሪ ብዙ ምክር አያስፈልገውም።

ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፣ ዕቅዱ ቢሰናከል አትደንግጡ። በአንድ ወር የወደቀ በሚቀጥለው ይነሣ፤ 12ቱ መጻሕፍት ባይሞሉ 7ቱ ይሙሉ። ገበሬ አንድ ክረምት ዝናም ቢያጥረው እርሻ አይተውም።

ፈጣሪ ለአገራችን ሰላም፣ ለትምህርት ቤታችን ረጅም ዕድሜ፣ ለሁላችንም የማንበቢያ ጊዜና ጤና ይስጠን።